ጡት መያዣሽን እየሮጥሽ ለኪው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሩጫ ጫማ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ከመጡት ደብዳቤዎች ግማሾቹ ግን ስለ ጫማ አይደሉም፤ ስለ ጡት መያዣ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሴት ለጫማዋ ብር አጠራቅማ፣ ሦስት አራት ሱቅ ዞራ፣ ሰው አማክራ ትገዛለች። ጡት መያዣ ስትገዛ ግን፣ በተለይ ሻጩ ወንድ ከሆነ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ያንን ስጠኝ» ብላ በፌስታል ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«እትዬ፣ 24 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። ጡቴ ትልቅ ስለሆነ ሁለት ጡት መያዣ ደርቤ ነው የምሮጠው። እንዲያም ሆኖ ቁልቁለት ላይ ያመኛል። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ጡት መያዣ ላይ የሚደረግ፣ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አለ፣ እሱ ልክሽን ይነግርሻል፣ ልላክልሽ ወይ ትለኛለች። እውነት ይሠራል ወይስ ብር ማባከን ነው?» (ሜ.፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ይሠራል። ግን ምኑን እንደሚነግርሽ አስቀድመን እንነጋገር፤ «ልክሽን ይነግርሻል» የሚለው ትንሽ ተጋኗል።

በአማርኛችን «መለካት» ሁለት ነገር ነው። ሜትር ይዘን ቁጥር ስናወጣ እንለካለን። ልብስ ለብሰን መስታወት ፊት ስንቆምም እንለካለን። ሁለቱም ደግሞ የሚሆኑት ቆመሽ ነው። አንቺ ይህን ዕቃ የምትገዢው ልትሮጪበት ነው። ቆመሽ ልክክ ያለው ጡት መያዣ አምስት መቶ ሜትር ሳትሮጪ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም። ከጀርባው፣ ደረት ላይ፣ ጡንቻ አለ። ጡቱ ራሱ ግን ስብ፣ የወተት እጢና ቀጫጭን የጅማት ክሮች ነው። እነዚህን ክሮች እንግሊዛዊው ሐኪም አስትሊ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1840 ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ከነሱ ሌላ ጡትን የያዘው ቆዳው ብቻ ነው። እግርሽ መሬት ገፍቶ ሲያነሳሽ ደረትሽ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጡትሽ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ደረትሽ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ጡትሽ ገና ወደ ላይ እየሄደ ነው። የሚያምሽ ይህ አለመገጣጠም ነው። ቁልቁለት ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ እግርሽ ሲያርፍ ምቱ ይከብዳል፣ ደረትሽ ድንገት ይቆማል፣ ጡትሽ አይቆምም።

እንቅስቃሴው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻም አይደለም። ግማሽ ያህሉ እንደሱ ነው፤ የቀረው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። አንድ ላይ ሲሆን የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ይሠራል። እንግሊዝ አገር ፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጆአና ዌክፊልድ-ስከር የሚመራ የጡት ጤና ምርምር ቡድን አለ። ይህንን ለዓመታት ሲለኩ ኖረዋል፤ ያልተደገፈ ጡት ሩጫ ላይ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊንቀሳቀስ እንደሚችልም የነገሩን እነሱ ናቸው። የሚለኩት የመሮጫ ማሽን ዙሪያ በተተከሉ ልዩ ካሜራዎች ነው። ሯጯ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ነጥቦች ይለጠፋሉ፣ ካሜራዎቹ ነጥቦቹን ይከተላሉ።

ያ ላቦራቶሪ እንጦጦ አይመጣልሽም። ሴንሰሩ የመጣው ለዚህ ነው። ስልክሽን ስታጋድሚው ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው ውስጡ ባለች ትንሽ መለኪያ ምክንያት ነው አይደል? ሴንሰሩም ያው ዓይነት ነው። አክስለሮሜትሩ የፍጥነትን ለውጥ በሦስት አቅጣጫ ይይዛል፣ ጋይሮስኮፑ መዞርን ይይዛል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመዘግብ ከሆነ፣ አንቺም በደቂቃ 170 እርምጃ ብትሮጪ፣ ለእያንዳንዷ እርምጃሽ 35 ያህል ንባብ ይኖረዋል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ ፈቃደኛ ሴቶች ስትፈልግ እኔም ሄጄ ነበር። ሴንሰሮቿ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጡም። አንዱን ደረት አጥንቴ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ሌላውን መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ራሴ ከጡቴ ጫፍ ዝቅ አድርጌ ቆዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሦስት ጡት መያዣ እየቀያየርኩ በአንድ ፍጥነት ሁለት ሁለት ደቂቃ ሮጥኩ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ሰማያዊው ደረቴ፣ ቀዩ ጡቴ። በጣም የምወደውን፣ ለስላሳውን የለበስኩ ጊዜ ቀዩ መስመር እጁን ተይዞ እንደሚጎተት ሕፃን ከሰማያዊው ኋላ ኋላ ሲል አየሁት። ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሮጥኩት በሱ ነበር!

ሁለተኛው ወደ ላይና ወደ ታች ደህና ያዘ፤ ወደ ጎን ግን ለቀቀኝ። ልጅቷ ማንገቻውን አሳጠረችው። የላይና ታቹ ትንሽ ቀነሰ፣ የጎኑ እዚያው ቀረ። ሦስተኛው እያንዳንዱን ጡት ለየብቻው የሚይዝ ሆኖ ከላይ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ወደ ደረት የሚጫን ነበር። በሱ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ሊሄዱ ምንም አልቀራቸው። የሴንሰሩ ጥቅሙ ለኔ የገባኝ እዚያ ነው። ቁጥር ሰጥቶ «ልክሽ 36 ነው» አይልም። የአንቺ ጡት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያመልጥና የትኛው ጡት መያዣ ያንን አቅጣጫ እንደሚይዝልሽ ያሳያል። የጓደኛሽ ጡት ከአንቺ ጋር እኩል ሆኖ የሚያመልጠው በሌላ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለአክስትሽ ልጅ ሁለት ነገር ጠይቂያት። አንደኛ፣ ሴንሰሩ አንድ ነው ሁለት? አንድ ብቻ ከሆነ የሚለካው መላ ሰውነትሽ ሲነሳና ሲወርድ ነው፤ የደረትሽ ካልተቀነሰለት ስለ ጡትሽ የሚነግርሽ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ቆዳ ላይ ነው የሚለጠፈው ወይስ ጨርቁ ላይ ነው የሚቆነጠጠው? ጨርቁ ላይ ከሆነ የምታገኚው የጨርቁን እንቅስቃሴ ነው፤ ከስሩ ጡቱ ሊንሸራተት ይችላል። ደግሞ ስልኩ «ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል» ሲልሽ ቃል በቃል አትያዢው። ከፍጥነት ለውጥ ተነስቶ ርቀት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ማስላት ያስፈልጋል፣ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ትሄዳለች። የሚታመነው ንጽጽሩ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍጥነት፣ ይሄኛው ከዚያኛው ይሻላል የሚለው።

ራሱ የሚጠብቅና የሚላላ ጡት መያዣ ለመሥራትም ሙከራ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ የዎሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብዙ ዓመት ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ2014 ናሙናውን አሳይተዋል። እንቅስቃሴ ሲበዛ ይጠብቃል፣ ሲቆም ይላላል። ሐሳቡ ያምራል። አንቺ ግን ያመመሽ ዛሬ ነውና ዛሬ ወደሚሆነው እንምጣ።

ስልክሽ ቪዲዮ አዝግሞ የሚቀርጽበት አማራጭ ካለው አንድ ሙከራ አድርጊ። ቤትሽ ውስጥ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ስልኩን መጽሐፍ አስደግፈሽ በደረትሽ ቁመት አቁሚው። አንድ ደማቅ ስቲከር ከአንገትሽ ስር ጎድጎድ ያለችው ቦታ ላይ፣ ሌላ ደግሞ ጡት መያዣሽ ላይ፣ በጡትሽ ጫፍ ትክክል ለጥፊ። እዚያው በቆምሽበት 20 ሰከንድ ሶምሶማ ሩጪ። ከዚያ ጡት መያዣ ቀይረሽ ድገሚው። እያዘገምሽ ስታዪው ሁለቱ ነጥቦች አብረው ይነሳሉ? ታችኛው ይዘገያል? ወደ ጎን ይጓዛል? ከሴንሰር ጋር አንድ አይደለም። ሁለት ጡት መያዣ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ስትጨርሺ ቪዲዮውን አጥፊው፤ ስልክሽ ራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚጭን ከሆነ መጀመሪያውኑ ያንን ዝጊው።

አለበለዚያ ጓደኛሽን ጥሪያት። የመጀመሪያው የስፖርት ጡት መያዣ እንደዚያ ነው የተፈተነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ሊሳ ሊንዳል፣ ፖሊ ስሚዝና ሂንዳ ሚለር የሚባሉ ሦስት ሴቶች ወንድ ስፖርተኞች ከስር የሚታጠቁትን መደገፊያ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተው «ጆግብራ» የተባለውን ፈጠሩ። አንዷ ለብሳ ስትሮጥ ሌላዋ ከፊቷ ሆና ወደ ኋላ እየሮጠች ምን ያህል እንደሚዘል ታይ ነበር። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ገብተዋል።

ስለ ሁለት መደረቡ፦ ስህተት ሠርተሻል አልልም፣ እንቅስቃሴውን በርግጥ ይቀንሳል። ግን ሁለቱንም ለብሰሽ ከልብሽ ተንፍሺ። ጎድንሽ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ እንጦጦ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ፣ ዋጋ ያስከፍልሻል። የሚሆን አንድ ጡት መያዣ እስክታገኚ አንዱ ከስር እያንዳንዱን ጡት ለየብቻው የሚይዝ፣ ሌላው ላዩ ላይ የሚጫን ይሁን፤ ሁለት አንድ ዓይነት አትደርቢ። ሕመሙ ሳትሮጪም ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እጅሽ እብጠት ካገኘ ጉዳዩ የጡት መያዣ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ነገ ዛሬ አትበይ።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ከወለድኩ ስድስት ወሬ ነው፣ አጠባለሁ። ሩጫ ስጀምር ኦንላይን ጥያቄዎቹን ሁሉ ሞልቼ ልክሽ ነው ያሉኝን ጡት መያዣ ገዛሁ። ትከሻዬን ሊቆርጠኝ ደረሰ። የእጅ ሰዓቴ እንቅልፌን፣ ልቤን፣ እርምጃዬን ሁሉ ይለካል፤ ይሄን አይለካልኝም?» (ሰ.)

አይለካም እህቴ። ሰዓትሽ የሚያውቀው ክንድሽ ሲወናጨፍ ነው። «ስማርት» ተብለው የሚሸጡትም ጡት መያዣዎች ብዙዎቹ የልብ ምት ነው የሚለኩት። ስትገዢ ምን እንደሚለካ አንብቢ፤ የልብ ምት ከሆነ ለዚህ ችግርሽ አይረዳሽም።

ትከሻሽን ለመታደግ ሴንሰር አያስፈልግሽም። ሸሚዝሽን አውልቀሽ በመስታወት ጀርባሽን እዪ። ከስር የሚዞረው መታጠቂያ ከፊቱ ጋር እኩል ነው ወይስ ጀርባሽ ላይ ወደ ላይ ሸሽቷል? ሸሽቶ ከሆነ በሽታው እዚያ ነው። ክብደቱን መሸከም ያለበት ያ ጎድንሽ ላይ የሚዞረው መታጠቂያ ነው። እሱ ሲላላ ሥራው በሙሉ ወደ ማንገቻው ይዞራል፣ አንቺም ማንገቻውን ታሳጥሪያለሽ፣ ማንገቻው ደግሞ ጀርባውን ይበልጥ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ትከሻሽ ላይ ያ ቀይ ቦይ ይወጣል። መታጠቂያው ስር ሁለት ጣት ጠበቅ ብሎ ይግባ፣ እጅ ሙሉ ግን አይግባ። እጆችሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ስታወርጂ ከቦታው አይነሳ።

ላልቶ ካገኘሽው መታጠቂያውን አንድ ቁጥር ቀንሺ፣ ጡት የሚገባበትን ፊደል ግን አንድ ጨምሪ። 34 ሲ ከነበርሽ 32 ዲ ማለት ነው። ብዙዎቻችን መታጠቂያውን ስንቀንስ ፊደሉን እንረሳና ጡታችን በጎን በብብታችን በኩል ይወጣል።

የኦንላይን መጠይቁ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አልጠየቀሽም መሰለኝ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የለካሽው? የምታጠባ ሴት ጡት ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፤ ካጠባች በኋላና ከማጥባቷ በፊትም አንድ አይደለም። የማታጠባም ብትሆን የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ያብጣል። ስለዚህ አጥብተሽ ወይም አልበሽ፣ ልትሮጪ በምትወጪበት ሰዓት ተለኪ። ሩጫውንም ልጅሽ ከጠባ በኋላ አድርጊው፣ ይቀልሻል። አሁን ውዱን አትግዢ። ከኋላ ብዙ ረድፍ መቆለፊያ ያለውን ምረጪ፤ ሰውነትሽ ሲለዋወጥ አብሮሽ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጡት ካስጣልሽ ጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ተለኪ።

«አሰልጣኝ ነኝ። በታዳጊዎች ፕሮጀክት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። ጎበዝ የነበሩ ልጆች ድንገት ይደክማሉ፣ ትከሻቸውን አጉብጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ይሮጣሉ። ሁለቱ ጭራሽ ቀርተዋል። ምክንያቱ የገባኝ ባለቤቴ ስትነግረኝ ነው። ነውር ሳይሆን እንዴት ላንሳው? ሴንሰር ባገኝ ልለካቸው እችላለሁ?» (ደ.፣ ከአርሲ)

አሰልጣኝ፣ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ። እጅ አጥፎ መሮጥን ብዙ አሰልጣኝ እንደ መጥፎ ስታይል ቆጥሮ «እጅሽን አውርጂ!» ብሎ ይጮኻል። ልጅቷ ግን በእጇ ጡቷን እየያዘች ነው።

ልጆችዎ ብቻቸውን አይደሉም። እንግሊዝ ውስጥ ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ 2,089 ተማሪዎች ተጠይቀው 46 በመቶዎቹ ጡታቸው በስፖርት ተሳትፏቸው ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ማራቶን ላይ የተጠየቁ ሴት ሯጮችም ሲሶ ያህሉ የጡት ሕመም እንዳለባቸው ተናግረው ነበር። ማራቶን የሚሮጡ ትልልቅ ሴቶች ናቸው! የ14 ዓመት ልጅ ምን ትበል?

ሴንሰሩን ግን ይተውት። ይህን በግልጽ ልንገርዎ፤ ልጆች ናቸው፣ ደረታቸው ላይ የሚለጠፍ ነገር፣ ቪዲዮ፣ በወንድ አሰልጣኝ ስልክ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር፣ ምንም ዓይነት በጎ ሐሳብ ቢኖርበት አይሆንም። አይለኳቸው፣ አይቅረጿቸው። ልኬቱን ባለቤትዎ፣ የትምህርት ቤቱ ነርስ ወይም ልጆቹ የሚያከብሯት ከፍ ያለች ሴት አትሌት ታድርገው፤ በተራ የሜትር ገመድ፣ በተዘጋ ክፍል፣ እናቶች አውቀውት።

የእርስዎ ድርሻ ሌላ ነው፤ እሱም ትልቅ ነው። ለልምምድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ሲዘረዝሩ ከጫማ ቀጥሎ «የስፖርት ጡት መያዣ» ብለው ይጻፉት፣ ለወላጅ ስብሰባም ልክ እንደ ጫማው ድምፅዎን ሳይቀንሱ ያንብቡት። አንድ አሰልጣኝ ሳያፍር ሲናገረው የልጆቹ ፊት እንዴት እንደሚፈታ ያያሉ። ለቁሳቁስ በጀት ሲጠይቁ ያስገቡት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳው የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን ከውድድሩ በፊት በፖርትስመዝ ባለሙያዎች እየታየ ለተጫዋቾቹ የሚሆናቸው ጡት መያዣ ተመርጦላቸዋል። እነሱ እንደ ሥራ ዕቃ ቆጥረውታል፣ እርስዎም ይቁጠሩት።

እስኪገዛ ድረስ ዝላይና ቁልቁለት ለሚከብዳት ልጅ የቀኑን ልምምድ ለማቃለል ምክንያቷን አይጠይቋት። «ዛሬ አቀበቱን ብቻ ሥሪ» ይበቃል። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ባለቤትዎ ቤታቸው ሄደው ያነጋግሯቸው፤ በቆዩ ቁጥር መመለሱ ሊከብዳቸው ይችላል።

«የገዛሁት በጣም ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን መያዝ አቁሟል። አጣጠቤ ነው?» (ቤ.)

ሊሆን ይችላል። በሙቅ ውኃ አትጠቢው፣ ማለስለሻ አትጨምሪበት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቺው። ለብ ባለ ውኃ በእጅሽ እጠቢና ሳትጠመዝዢ ጥላ ላይ አስጪው፣ ማንገቻው ሳይሆን መሃሉ ገመዱ ላይ ይዋል፤ በማንገቻው ከሰቀልሽው የውኃው ክብደት ላስቲኩን ይስበዋል። ሁለት ኖሮሽ እያፈራረቅሽ ብትለብሺ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

አዲስ ስትገዢ መጀመሪያ ላይ በመጨረሻው፣ በሚላላው መቆለፊያ ልክ የሚሆንሽን ምረጪ። እያደር ሲላላ ወደ ውስጠኛው ትሄጃለሽ። አሁን ያለሽ በውስጠኛው ተቆልፎም ጀርባሽ ላይ ወደ ላይ የሚሸሽ ከሆነ፣ ወይም መታጠቂያውን ስበሽ ስትለቂው ተመልሶ የማይሰበሰብ ከሆነ አልቋል። ለቤት ልበሺው፣ ለሩጫ ሌላ ግዢ።